አርባ አምስቱ ጥይት፦ ከባድ አረር፣ ዝቅተኛ ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ዝና

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፣

የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው .45 ኤሲፒ በሚባለው፣ ለከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ከተሠሩት ትልልቅ ጥይቶች ሁሉ እጅግ በታወቀው ጥይት ላይ ነው። ይህ ጥይት ከመቶ ዓመት በላይ በአገልግሎት ላይ ቆይቷል፤ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ተተኩሷል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ እርሱ የሚነገረው በሙከራ ከተረጋገጠው እየበለጠ ሄዷል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ጥይቱ በእርግጥ የሚደነቅ የምህንድስና ሥራ መሆኑን፣ የሚደነቅበት ምክንያት ግን ብዙዎች የሚያስቡት አለመሆኑን ነው። ስለ ጦር መሣሪያ በሚደረግ ንግግር ልኬትን ከተረት መለየት ግዴታ ይመስለኛል፤ በዚህ ጉዳይ የተሳሳተ እምነት የሚያስከፍለው የሰው ሕይወት ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር የኢንች መቶኛ ክፍልን ያመለክታል፤ የአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት 0.45 ኢንች፣ ማለትም 11.43 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹትን ጠመዝማዛ ቦዮች ሞልቶ እንዲያልፍ በጥቂቱ ይወፍርና 11.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ኤሲፒ የሚሉት ፊደላት «አውቶማቲክ ኮልት ፒስቶል» የሚለውን ያሳጥራሉ፤ ኮልት ጥይቱን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ባሩዱን የሚይዘው ቀለሃ 22.8 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ አረሩ ከተተከለበት በኋላ ሙሉው ጥይት 32.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። የአሜሪካ ሠራዊት መደበኛ አረር 230 ግሬን ይመዝናል፤ ይህም 14.9 ግራም ነው። 127 ሚሊሜትር ከሚረዝም አፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 255 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አረሩ ከራሱ ድምፅ ኋላ የሚቀር ዘገምተኛ አረር ነው። ይህ ዘገምተኛነት ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱን በስተመጨረሻ እገልጻለሁ።

የጥይቱን ጠባይ ለመረዳት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግፊቱ ነው። መለኮሻው ሲመታ ባሩዱ ከሴኮንድ ሺኛ ክፍል በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነድዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም የቀለሃውን ግድግዳ፣ ከቀለሃው ጀርባ ያለውን ብረትና የአረሩን መቀመጫ በአንድነት ይገፋል። የአሜሪካ ጥይት አምራቾች በሚከተሉት መስፈርት መሠረት ለ.45 ኤሲፒ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 21,000 ፓውንድ፣ በሜትሪክ 145 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚተኮሰው ባለ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ግን 35,000 ፓውንድ፣ ማለትም 241 ሜጋፓስካል ተፈቅዶለታል። ትልቁ ጥይት ኃይለኛውን ፍንዳታ የያዘ ይመስለናል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ክብደት በምን ይገፋል? መልሱ ስፋት ነው። የ11.5 ሚሊሜትር አረር መቀመጫ 104 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የ9 ሚሊሜትሩ 64 ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱን በስፋቱ ስናባዛው ሁለቱም አረሮች ከኋላቸው የሚያርፍባቸው ከፍተኛ ግፊያ 15,000 ኒውተን አካባቢ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ በጠባብ በር የሚገባ ኃይለኛ ጋዝ፣ ሌላው በሰፊ በር የሚገባ ለዘብ ያለ ጋዝ ይዞ እዚያው ይደርሳል። ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው የተሰማኝን አድናቆት ዛሬም አልረሳሁትም፤ የጥይቱ ውበት ሁሉ በእርሱ ውስጥ ስላለ ነው። ግፊቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ የቀለሃው ናስ ብዙ አይወጠርም፤ የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስበው ደጋግመው የሚሞሉ ተኳሾችም ቀለሃው ዕድሜ ጠገብ መሆኑን ይመሰክሩለታል። የአፈሙዙ ብረት አይንገላታም፤ የሽጉጡ ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ የሚሄድበት ጉዞም ረጋ ያለ ነው። ርግጫው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ተኳሾች እንደሚሉት በድንገት ከሚገርፍ ይልቅ ሙሉ እጅን የሚገፋ ዓይነት ርግጫ ነው።

ይህን ሁሉ ያስገኘው የአረሩ ስፋት ግን ዋጋ አለው። ወፍራም ጥይት ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ብዙም ይመዝናል። አንድ .45 ጥይት 21 ግራም ገደማ ሲመዝን ባለ 9 ሚሊሜትሩ 12 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የሠራዊቱ ሽጉጥ ካዝና ሰባት ጥይት ብቻ ይይዝ ነበር። አረሩ ሩቅ ሲሄድም ቶሎ ይወርዳል፤ 50 ሜትር ለመድረስ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ስለሚፈጅበት፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከአፈሙዙ መስመር 20 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

የጥይቱ መነሻ የጦር ሜዳ ቅሬታ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት በ1892 የቀድሞውን ባለ .45 ካሊበር ኮልት ትቶ .38 ሎንግ ኮልት የሚባለውን ቀለል ያለ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ተቀበለ። የዚህ ጥይት አረር 9.7 ግራም፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 230 ሜትር ገደማ ነበር። በሰላም ጊዜ ማንም አላማረረም። ከ1899 ጀምሮ በፊሊፒንስ በተካሄደው ጦርነት፣ በተለይም በደቡብ በሚንዳናውና በሱሉ ደሴቶች ሞሮ ከሚባሉት የአካባቢው ሙስሊም ተዋጊዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ግን፣ ተዋጊዎቹ ደጋግመው ተመትተው እንኳ በስለት ወታደሩ ዘንድ እስከሚደርሱ መሮጣቸውን የሚገልጹ ሪፖርቶች ወደ ዋሽንግተን ይጎርፉ ጀመር። ሠራዊቱም ከመጋዘን አሮጌዎቹን ባለ .45 ሪቮልቨሮች አውጥቶ ወደ ግንባር ላከ። በኋላም በ1905 በሳማር ደሴት አንድ እስረኛ ለማምለጥ ሲሞክር ከቅርብ ርቀት በ.38ቱ አራት ጊዜ ተመትቶ ያልወደቀ መሆኑና በመጨረሻ በጠመንጃ ሰደፍ ግንባሩን ተመትቶ መያዙ በሐኪሞች መዝገብ ሰፍሯል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፊሊፒንስ ይዋጋ የነበረ ወታደር የመሰከረው እውነት ነው፤ ምስክርነቱን አቅልሎ ማየት አይገባም። ነገር ግን በዚያው ጦርነት በኃይል ከሽጉጥ እጅግ በሚበልጠው ክራግ በሚባለው የአሜሪካ ሠራዊት ጠመንጃ ተመትተውም ወዲያውኑ ያልወደቁ ተዋጊዎች እንደነበሩ ተዘግቧል። ቁርጥ ሐሳብ ያለው ሰው ልቡ ወይም አንጎሉ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ እስካልተመታ ድረስ ለጥቂት ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች መንቀሳቀስ ይችላል። ጥያቄው መነሣት የነበረበት «ጥይቱ የት አረፈ?» ተብሎ ነበር፤ የተነሣው ግን «ጥይቱ ምን ያህል ወፍራም ነበር?» ተብሎ ነው።

በ1904 የሠራዊቱ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ጄኔራል ዊሊያም ክሮዚየር ጉዳዩን በሙከራ እንዲመረምሩ ሁለት መኮንኖችን መደቡ። አንደኛው በኋላ በስሙ የሚጠራውን ንዑስ መትረየስ ያስገኘው ጆን ቶምሰን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጥይት ቁስል ሊቅ የነበረው የሠራዊቱ ሐኪም ሉዊስ ላጋርድ ነው። በእንስሳት ላይ የተደረገው ሙከራ በቺካጎ የእንስሳት ማረጃ ግቢዎች ተካሄደ። ከ7.65 ሚሊሜትር ጀምሮ እስከ .476 ካሊበር የሚደርሱ የተለያዩ ጥይቶች በሰው ሬሳና በቁም ከብት ላይ ተተኮሱ። በሬሳው ላይ አጥንት እንዴት እንደሚሰበር፣ ተንጠልጥሎ ሲመታም ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ተመዘገበ፤ በከብቶቹ ላይ ደግሞ እንስሳው እስኪወድቅ ያለው ጊዜና የተተኮሰው ጥይት ብዛት ታየ።

የምርመራውን ዝርዝር ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይሰማዋል። አንደኛው ኀዘን ነው፤ በእነዚያ እንስሳት ላይ የደረሰው ስቃይ ዛሬ በየትኛውም የሙከራ ደንብ የሚፈቀድ አይደለም። ሁለተኛው የዘዴው ደካማነት ነው። አንዱ በሬ ሳንባው፣ ሌላው አንጀቱ ተመታ፤ በጥይቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ይለያይ ነበር፤ የእንስሳቱ ቁጥርም ለእያንዳንዱ ካሊበር አስተማማኝ አማካይ ለማውጣት ከሚበቃው እጅግ ያነሰ ነበር። የሬሳው መወዛወዝ ደግሞ አንድ ሕያው ሰው ስለሚቆምበት ወይም ስለማይቆምበት ሁኔታ ምንም የሚነግረን ነገር የለም። ይህ ሁሉ እያለ ሪፖርቱ አንድ ቆራጥ መደምደሚያ ሰጠ፤ ለጦር ሽጉጥ የሚሆን አረር በቅርብ ርቀት የሚፈለገውን የማስቆም ውጤት እንዲኖረው ካሊበሩ ከ.45 ማነስ የለበትም አለ።

ይህ መደምደሚያ መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠቀስ ኖሯል። በዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለው ሌላው ሐሳብ ግን እምብዛም አይነሣም። መኮንኖቹ ከሰው አካል አብዛኛው ክፍል ቢመታ በየትኛውም የሽጉጥ አረር ባላጋራን ወዲያውኑ ማስቆም እንደማይቻል ገልጸው፣ ሽጉጥ የሚታጠቅ ወታደር ሁሉ አነጣጥሮ መምታትን ያለመታከት እንዲለማመድ አሳስበዋል። በእኔ ግምት ከሪፖርቱ ሁሉ በጊዜ ብዛት ያልተበላሸው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ሠራዊቱ ግን በገንዘብ የሚገዛውን ወፍራም ጥይት አጥብቆ ያዘ፤ ድካም የሚጠይቀውን ልምምድ ወደ ጎን ተወው።

ወደ ጥይቱ ሠሪ እንለፍ። ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ በ1855 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ከጠመንጃ ሠሪ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ዓለም ከሚጠቀምባቸው የሽጉጥ አሠራሮች የአብዛኞቹ አባት የሆነ ሰው ነው። ከኮልት ኩባንያ ጋር አስቀድሞ .38 ካሊበር አውቶማቲክ ሽጉጥ ሠርቶ ነበር፤ በ1904 ገደማም በ.41 ካሊበር ጥይት ላይ ይሠራ ነበር። ፈረሰኛው ጦር ከ.45 ያላነሰ ጥይት እንደሚፈልግ ሲታወቅ ሽጉጡንም ጥይቱንም ወደዚያ አሳደገው፤ በ1905 ኮልት አዲሱን ሽጉጥ ከነጥይቱ ገበያ ላይ አዋለው። የመጀመሪያው አረር 200 ግሬን፣ ማለትም 13 ግራም ነበር። ሠራዊቱ ክብደት እንዲጨመርለት ስለፈለገ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 230 ግሬን አደገ፤ ፍጥነቱም በዚያው መጠን ዝቅ አለ።

ሠራዊቱ በ1907 ባካሄደው ውድድር የተለያዩ ሠሪዎች ተሳትፈዋል፤ ጀርመናዊው የሉገር ሽጉጥ ሳይቀር በ.45 ካሊበር ተሠርቶ ቀርቦ ነበር። በመጨረሻ የቀሩት ኮልትና ሳቬጅ የተባለው ሌላ ኩባንያ ናቸው። በመጋቢት 1911 ወሳኙ ፈተና ተደረገ፤ ከእያንዳንዱ ሽጉጥ በሁለት ቀን ውስጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ብረቱ እጅግ ሲግል በውሃ እየተነከረ ተኩሱ ቀጠለ። የሳቬጁ ሽጉጥ 37 ጊዜ ተስተጓጎለ፤ የብራውኒንግ ሥራ አንድም ጊዜ አልተስተጓጎለም ተብሎ ተመዘገበ። መጋቢት 29 ቀን 1911 ኤም 1911 በሚል ስም በይፋ የሠራዊቱ ሽጉጥ ሆነ።

ይህ ውጤት የሽጉጡ ብቻ አይደለም፤ ጥይቱም ድርሻ አለው። የሪቮልቨር ጥይት ከቀለሃው ጀርባ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው፤ ያ ከንፈር ጥይቱ ከተሽከርካሪው ከበሮ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባ ይይዘዋል። በካዝና ውስጥ ተደራርቦ ለሚቀመጥ ጥይት ግን ከንፈር እንቅፋት ነው፤ አንዱ ከንፈር ከሌላው ጋር ይያያዛል፤ ሽጉጡም ይታነቃል። ብራውኒንግ ለ.45ቱ ቀለሃ ከንፈሩን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ፣ ከፊቱ ጥልቅ ቦይ ቀረጸለት፤ የተተኮሰውን ቀለሃ ስቦ የሚያወጣው ጥፍር የሚይዘው በዚያ ቦይ ነው። ጥይቱ በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ የሚቆመው ደግሞ በቀለሃው አፍ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ በክፍሉ ውስጥ ካለው ትንሽ እርከን ጋር ይጋጠማል። ስለዚህ የቀለሃው ርዝመት በጥብቅ መጠበቅ አለበት፤ የአፉ ጠርዝም አረሩን አጥብቆ ለመያዝ ተብሎ ወደ ውስጥ ከመጠን በላይ መጠቅለል የለበትም። አረሩ ድቡልቡል አፍንጫ ያለው፣ ቀለሃውም ቀጥ ያለና አጭር በመሆኑ ከካዝናው ወደ አፈሙዙ የሚሸጋገረው ያለ ብዙ ትግል ነው። ለስድስት ሺህ ጊዜ ሳይታነቅ የጎረሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው የተዋጣ ቅርጽ ያልታሰበ ችግር አመጣ። የኮልት ሽጉጥ ምርት ለሚሊዮኖች ሠራዊት አልደርስ ሲል ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚሁ ጥይት የሚሠሩ ሪቮልቨሮች እንዲያመርቱ ታዘዙ። ከንፈር የሌለው ጥይት በከበሮው ውስጥ ሲተኮስ ቀለሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ነገር አልነበረም። መፍትሔው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ብረት ሆነ፤ እያንዳንዱ ብረት ሦስት ጥይቶችን በቦያቸው ይይዛል፤ ስድስቱን ጎርሶ ለመጨረስ ሁለት ብረት ይበቃል። ኤም 1917 የተባሉት እነዚህ ሪቮልቨሮች በመቶ ሺዎች ተመረቱ። ተኩሶ የጨረሰ ወታደር ስድስቱን ቀለሃ በአንድ ግፊት አስወጥቶ ሌላ ስድስት ስለሚያስገባ፣ ከብዙዎቹ ሪቮልቨሮች ይልቅ በፍጥነት የሚሞላ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

የጥይቱ ዝና የገነነው በዚያው ጦርነት ነው። በጥቅምት 1918 በፈረንሳይ በአርጎን ጫካ አሜሪካዊው ወታደር አልቪን ዮርክ በሳንጃ የሮጡበትን ጀርመናውያን በ.45 ሽጉጡ አንድ በአንድ መጣላቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ዮርክ በቴኔሲ ተራሮች በአደን ያደገ ድንቅ ተኳሽ ነበር፤ ፊተኞቹ የኋለኞቹን መውደቅ እንዳያዩ ከኋላ ካለው መጀመሩንም ራሱ ተናግሯል። ሕዝቡ ግን የሰውየውን እጅና ዓይን ትቶ የጥይቱን ውፍረት አስታወሰ። ከዚያ በኋላ «አርባ አምስት የመታው ሰው እጁን እንኳ ቢነካው ተስፈንጥሮ ይወድቃል» የሚለው አባባል እንደ ሕግ ይነገር ጀመር።

ይህን አባባል በቀላል የፊዚክስ ስሌት እንፈትነው፤ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ በአእምሯችሁ እንዲቀር የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አንድ አረር የሚያስተላልፈው ግፊያ የሚለካው ክብደቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ ነው። 0.0149 ኪሎግራም በ255 ሲባዛ 3.8 ይሆናል። ይህ አረር 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው ውስጥ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ቢቆም፣ ሰውየውን የሚገፋው በሴኮንድ 5 ሴንቲሜትር ተኩል በማይሞላ ፍጥነት ነው፤ ማንም ቆሞ ሲተነፍስ ከሚወዛወዘው ብዙም የማይለይ እንቅስቃሴ ነው። ከዚህም በላይ፣ ለእያንዳንዱ ግፊያ እኩልና ተቃራኒ ግፊያ አለ። አረሩ ተመቺውን መትቶ የሚያስፈነጥር ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም አስቀድሞ ባስፈነጠረው ነበር፤ እንዲያውም የባሩዱ ጋዝ ግፊያ ስለሚታከልበት በተኳሹ እጅ ላይ የሚያርፈው በጥቂቱ ይበልጣል። ተኳሹ ቆሞ እያለ ተመቺው የሚበርበት ምንም ተፈጥሯዊ ሕግ የለም።

ጉልበቱንም እናስላ። የ.45ቱ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 485 ጁል ገደማ ጉልበት ይዟል፤ 8 ግራም የሚመዝነውና በሴኮንድ 350 ሜትር የሚጓዘው የ9 ሚሊሜትር አረር 490 ጁል ይዟል። እኩል ናቸው። የ.45ቱ ብልጫ የሚፈጥረው ቀዳዳ ሰፊ መሆኑ ነው፤ የሽጉጥ አረር እንደ ፈጣን የጠመንጃ አረር ከመንገዱ ርቆ የሚገኝ የሰውነት ክፍልን ስለማይቀድ፣ ጉዳቱ በአብዛኛው በራሱ መንገድ ላይ ባለው ሥጋ የተወሰነ ነው። በመንገዱ ላይ ዋና የደም ሥር ወይም የነርቭ ማእከል ከሌለ ግን ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የውፍረት ልዩነት የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው። ሐኪሞችና የቁስል ተመራማሪዎች ይህን ከተናገሩ ቆይተዋል፤ ሰሚ ያጡት ተረቱ ከስሌቱ ይልቅ ስለሚጣፍጥ ነው ብዬ እፈራለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጥይቱ ምርት ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን አደገ። ከኤም 1911 ሽጉጥ በተጨማሪ የቶምሰን ንዑስ መትረየስና ከቆርቆሮ ተጨፍልቆ በርካሽ የሚሠራው ኤም 3 ይህንኑ ጥይት ይበሉ ነበር። በኢንዲያና ግዛት በኢቫንስቪል የነበረው፣ የመኪና ሠሪው ክራይስለር ያስተዳድረው የነበረ ፋብሪካ ብቻውን ከ3 ቢሊዮን በላይ .45 ጥይት አምርቷል። መዳብ ለሌላ የጦር ሥራ በብርቱ ስለሚፈለግ ቀለሃው ከናስ ወደ ብረት ተለወጠ። ብረት እንደ ናስ አይለጠጥም፤ ከተኩስ በኋላም በክፍሉ ውስጥ ተጣብቆ የመቅረት ጠባይ አለው። የ.45ቱ ግፊት ዝቅተኛ መሆኑ እዚህ ላይ በእጅጉ ጠቅሟል፤ ቀለሃው ብዙ ስለማይወጠር ብረቱ ሥራውን ተወጥቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ሠራዊቱ አዲስ ኤም 1911 አልገዛም፤ ያሉትን እየጠገነ አርባ ዓመት ተጠቀመባቸው። በ1985 ባለ 9 ሚሊሜትሩን ቤሬታ ኤም 9 ብሎ ተቀበለ። ምክንያቱ በአንድ በኩል የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በጋራ በሚጠቀሙበት ጥይት ለመሥራት፣ በሌላ በኩል ካዝናው ከሰባት ይልቅ አሥራ አምስት ጥይት ስለሚይዝ ነበር። የድሮ ወታደሮች ውሳኔውን አጥብቀው ተቃወሙ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1986፣ በማያሚ ኤፍቢአይ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ባደረጉት የተኩስ ልውውጥ ሁለት ባልደረቦች ሞቱ፤ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያ ላይ በ9 ሚሊሜትር አረር ተመትቶ ነበር፤ አረሩ ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየው ውጊያውን ቀጠለ። ከዚህ በኋላ ኤፍቢአይ የጥይት ምርጫውን ከሥሩ መረመረ፤ አረር ወደ ሰው ሥጋ ባሕርይ በሚጠጋ ጄላቲን ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር፣ ቢበዛ 45 ሴንቲሜትር ያህል መዝለቅ እንዳለበት የሚወስን መለኪያ አወጣ። በእኔ እይታ ይህ ከ1904ቱ ሙከራ ወዲህ የታየ ትልቁ እርምጃ ነው፤ ጥያቄውን ከውፍረት ወደ ጥልቀት አዞረው፤ ያለ አንዳች ሕያው እንስሳም ደጋግሞ መለካት አስቻለ። መጀመሪያ የተመረጠው 10 ሚሊሜትር አውቶ የተባለው ጥይት ርግጫው ለብዙ ባልደረቦች ከበደ፤ ለዘብ ተደርጎ ሲሞላ ቀለሃው አላግባብ ረዥም ሆኖ ስለተገኘ በ1990 የወጣው አጠር ያለው .40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከጊዜ በኋላ ተተካለት። በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ የአረር አሠራር እጅግ ከተሻሻለ በኋላ፣ ተቋሙ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ።

ከ.45 የሚተልቅ ጥይት ለከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ መሥራት አይቻልም ወይ ለሚለው መልሱ ይቻላል ነው፤ ዋጋውን ማየት ግን ያሻል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣውና በዴዘርት ኢግል ሽጉጥ የሚተኮሰው .50 አክሽን ኤክስፕረስ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጉልበቱ ወደ 2,000 ጁል ይጠጋል፤ የ.45ቱ አራት እጥፍ ነው። የሚፈቀደው ግፊት ግን በካሬ ኢንች 36,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ይህን ያህል ግፊት በዚያ ስፋት ላይ ሲያርፍ አፈሙዙና ተንሸራታቹ አብረው ጥቂት ወደ ኋላ ሄደው የሚላቀቁበት የብራውኒንግ ቀላል አሠራር ይጨነቃል። ዴዘርት ኢግል የሚሠራው ከአፈሙዙ በሚጠለፍ ጋዝ ሲሆን፣ የሚቆለፈውም እንደ ጠመንጃ በሚሽከረከር መዝጊያ ነው። ክብደቱ ሁለት ኪሎግራም ይደርሳል፤ ኤም 1911 1.1 ኪሎግራም ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞም፣ ቀድሞ ባሰላነው መንገድ ብናሰላው 70 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው የሚገፋው በሴኮንድ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የትኛውም ሠራዊት መደበኛ የወታደር ሽጉጥ ብሎ ያልመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ፍጥነቱ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ከድምፅ የሚፈጥን አረር አየሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ የራሱን ሹል ጩኸት ያሰማል፤ ያ ጩኸት የሚፈጠረው ከአፈሙዝ ውጭ፣ በጉዞው ሁሉ ላይ ስለሆነ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ድምፅ ማፈኛ ሊነካው አይችልም። ማፈኛው የሚቀንሰው ከአፈሙዝ የሚፈነዳውን ጋዝ ድምፅ ብቻ ነው። የ.45ቱ መደበኛ አረር በተፈጥሮው ከድምፅ በታች ስለሚጓዝ ይህ ሁለተኛ ጩኸት የለውም፤ ዝቅተኛው ግፊቱም ከአፈሙዝ የሚወጣውን ጋዝ ለዘብ ያደርገዋል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሊ ኤንፊልድን ጠመንጃ አካል ለ.45 ኤሲፒ አመቻችተው፣ አፈሙዙን በትልቅ ማፈኛ ሸፍነው የሠሩት የዴሊል ካራቢን በዘመኑ ከተሠሩት ጠመንጃዎች ድምፃቸው እጅግ ከታፈነው አንዱ ነበር። በእርግጥ ወፍራም አረር ሰፊ የማፈኛ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በሰፊ ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጋዝ ያመልጣል፤ ስለዚህ ትርፉ ሙሉ አይደለም። ሆኖም በ9 ሚሊሜትር ተመሳሳይ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ተለይቶ የተሠራ፣ 147 ግሬን የሚመዝን ከባድ አረር ፈልጎ መግዛትና የጥይቱን ዋና ጥቅም፣ ፍጥነቱን፣ መተው አለበት። በ.45 ግን የሚተወው ነገር የለም፤ ለማፈኛ የሚስማማው ያው ሠራዊቱ የመረጠው 230 ግሬን አረር ነው።